0.75 ሚሊሜትር ፒዞ በአልትራሳውንድ ኃይል መመገብ፦ ስሌቱ 670 ማይክሮዋት ይላል፣ የማገኘው 12 ብቻ

ባዮሜድ_02፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለመመረቂያ ሥራዬ ባትሪ የሌለው፣ ሰውነት ውስጥ የሚቀበር ትንሽ መሣሪያ በአልትራሳውንድ ለመመገብ እየሞከርኩ ነው። ለጊዜው ውሃ ገንዳ ላይ ነኝ።

ማሰራጫው ጠፍጣፋ ፊት ያለው ባለ 2.25 ሜጋኸርዝ ትራንስዲዩሰር ነው፣ ዲያሜትሩ 12.7 ሚሊሜትር። ከፈንክሽን ጄኔሬተር በቀጥታ በ20 ቮልት ጫፍ ለጫፍ፣ ሳላቋርጥ፣ በ2.25 ሜጋኸርዝ ነው የምነዳው። ተቀባዩ የፒዜድቲ-5ኤ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ፒዞ ሴራሚክ) ኩብ ሲሆን በየጎኑ 0.75 ሚሊሜትር ነው። ሁለት ቀጭን ሽቦዎች በብር ኤፖክሲ ይዤለት፣ 3 ሚሊሜትር በሚሆን ሲሊኮን ሸፍኜ፣ 20 በ20 ሚሊሜትር በሆነ የሰርኪት ቦርድ ቁራጭ ላይ ለጥፌዋለሁ። ከዚያ 1 ሜትር ኮአክሲያል ኬብል ይወጣል፤ ከገንዳው ውጪ በአራት ባት54 ዳዮድ የተሠራ፣ ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይር ብሪጅ፣ 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርና 10 ኪሎኦም ጭነት አለ። ርቀቱ 20 ሚሊሜትር ነው።

ኩቡ ባለበት ቦታ በሃይድሮፎን (በውሃ ውስጥ የድምፅ ግፊት መለኪያ) የለካሁት ግፊት 60 ኪሎፓስካል ነው። ይህ በካሬ ሚሊሜትር 1.2 ሚሊዋት ገደማ ነው፤ የኩቡ ፊት 0.56 ካሬ ሚሊሜትር ስለሆነ 670 ማይክሮዋት ይደርሰዋል ማለት ነው። ጭነቱ ላይ የማየው ግን 0.35 ቮልት፣ ማለትም 12 ማይክሮዋት ነው። ሌላም አለ፦ ተቀባዩን አንድ ሦስተኛ ሚሊሜትር ባንቀሳቀስኩት ቁጥር ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ይላል። አምፕሊፋየር ልግዛ ወይስ ሌላ የማየው ነገር አለ?

ኮረንቲ፦

አምፕሊፋየሩ ይቆይ። ድምፁ ኩቡ ዘንድ ደርሷል፣ ሃይድሮፎንህ መስክሯል። ኃይሉ የሚያልቀው ከኩቡ ወዲህ ባለው መንገድ ነው።

የፒዜድቲ-5ኤ አንጻራዊ ፐርሚቲቪቲ 1700 ገደማ ነው። በ0.75 ሚሊሜትር ኩብ ስታሰላው 11 ፒኮፋራድ ይወጣል። ኮአክሲያል ኬብል ደግሞ በሜትር 100 ፒኮፋራድ አካባቢ አለው። እንግዲህ የኩቡ ቮልቴጅ ገና ዳዮዱ ጋ ሳይደርስ ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። በዚህ ላይ ባት54 እያንዳንዱ እስከ 10 ፒኮፋራድ ይዞ ይመጣል፤ አራቱ በብሪጅ ሲታሰሩ ኩቡ የሚያየው የአንዱን ያህል ነው፣ እሱም ከራሱ ከኩቡ ካፓሲታንስ ጋር ይተካከላል። ትልቅ ትራንስዲዩሰር ቢሆን ይህ ሁሉ ከቁጥር አይገባም ነበር። ቅንጣት የምታህል ተቀባይ ላይ ግን የነካሃት ነገር ሁሉ ጭነት ነው።

የዳዮዶቹም ኪሳራ ቀላል አይደለም። 35 ማይክሮአምፔር ሲያልፍባቸው እያንዳንዳቸው 0.2 ቮልት ገደማ ይወስዳሉ፤ በብሪጅ ውስጥ ምንጊዜም ሁለቱ በተከታታይ ስላሉ 0.4 ቮልት ሄደ። ጭነቱ ላይ የቀረልህ 0.35 ነው። ከግማሽ በላይ ዳዮድ ውስጥ እየቀረ ነው ማለት ነው።

መፍትሔው ሬክቲፋየሩን፣ ማለትም የዳዮዱን ብሪጅ፣ ውሃው ውስጥ ማስገባት ነው። ከኩቡ በ5 ሚሊሜትር ርቀት ውስጥ እዚያው ቦርድ ላይ አስቀምጠው። በኬብሉ የሚወጣው ዲሲ ብቻ ይሁን፤ ያኔ የኬብሉ 100 ፒኮፋራድ ጉዳት የለውም። ዳዮዱን ወደ ኤችኤስኤምኤስ-2822 ቀይር፤ አንዱ ፓኬጅ ሁለት በተከታታይ የታሰሩ ዳዮዶች ስላሉት ሁለት ፓኬጅ ብሪጅ ይሆናል፣ ካፓሲታንሱም በአንድ ዳዮድ ከ1 ፒኮፋራድ አይበልጥም። ከዚያም ያነሰ ካፓሲታንስ ያላቸው ኤስኤምኤስ7630ን የመሰሉ አሉ፤ ግን በተቃራኒ አቅጣጫ የሚችሉት 2 ቮልት ያህል ነው፣ ሲግናልህ ሲሻሻል ይበሳሉ።

ሞገዱን በኦሲሎስኮፕ ማየት ከፈለግህ ፕሮቡን 10 ለ1 ላይ አድርገው። 1 ለ1 ላይ ያለ ፕሮብ እንደ ኬብሉ ሁሉ 100 ፒኮፋራድ ይጭንብሃል። 10 ለ1 ራሱ ከ10 እስከ 15 ፒኮፋራድ ስላለው የምታነበው ቮልቴጅ ከእውነተኛው ግማሽ ገደማ መሆኑን አትርሳ።

አንድ ማጣሪያ ደግሞ የግድ አድርግ። ከማሰራጫው ሽቦ በአየር ወይም በውሃ ውስጥ በቀጥታ የሚዘልል የኤሌክትሪክ ሲግናል አለ፣ ብዙ ሰው እሱን ለክቶ አልትራሳውንድ ነው ይላል። ማሰራጫውን በአጭር ቡድን ንዳው፣ ለምሳሌ 20 ዑደት። ድምፅ በውሃ ውስጥ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 1482 ሜትር ስለሚሄድ 20 ሚሊሜትር ለመድረስ 13.5 ማይክሮሰከንድ ይፈጅበታል። ከዚያ በፊት፣ ከዜሮ ጀምሮ የሚታይህ ሁሉ የሽቦ ዝላይ ነው። መሃል ላይ ስፖንጅ አስገባና ድምፁን ዝጋ፤ ያልጠፋው ነገር ድምፅ አልነበረም።

ሞገድ፦

ኮረንቲ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ የድምፁ ወገን ግን እሱ እንዳለው ንጹሕ አይደለም።

መጀመሪያ ፍሪኩዌንሲው። 2.25 ማሰራጫው ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው፣ ኩቡን አይመለከተውም። የቀጭን ፒዜድቲ ሳህን ውፍረት በሚሊሜትርና ፍሪኩዌንሲው በሜጋኸርዝ ሲባዙ 2 ገደማ ይሆናሉ፤ ኩብ ግን በጎኖቹም ስለሚተነፍስ ወደ 1.4 ይወርዳል። የ0.75 ኩብ ሬዞናንስ (አብዝቶ የሚርገበገብበት ፍሪኩዌንሲ) እንግዲህ 1.85 አካባቢ ነው። የበርክሌይ ተመራማሪዎች በ2016 አይጥ ነርቭ ላይ ያስቀመጡት፣ ኒውራል ደስት የተባለው ጥቃቅን መሣሪያ 0.75 ሚሊሜትር ክሪስታል ነበረው፣ የነዱትም በ1.85 ሜጋኸርዝ ነው። ማሰራጫህ ሰፊ ባንድ ያለው ከሆነ እዚያ ድረስ ይወርድልሃል።

ኩቡ ሁለት ሬዞናንስ አለው። ታችኛው ላይ ኢምፒዳንሱ (ለተለዋዋጭ ከረንት ያለው ተቃውሞ) ወደ ጥቂት ኪሎኦም ይወርዳል፣ ላይኛው ላይ ወደ አሥር ኪሎኦሞች ይወጣል። አንተ ላይኛው አካባቢ ትነዳለህ፣ ግን ካፓሲታንስ በጨመርክ ቁጥር ላይኛው ወደ ታችኛው ይጎተታል። ኬብሉ ሬዞናንሱን አወረደው፣ አንተ ላይ ቆየህ፤ ሁለቱ ተላለፉ። በሁለቱ መካከል ኩቡ እንደ ኢንዳክተር ነው የሚሠራው፣ የዳዮዱን ካፓሲታንስ በከፊል ያጠፋልሃል። መሥራት ያለብህ እዚያ ነው።

ኢምፒዳንስ አናላይዘር ካላገኘህ እንዲህ ፈልገው፦ ኩቡን ከ1 ኪሎኦም ሬዚስተር ጋር በተከታታይ እሰር፣ ሬዚስተሩን በግራውንድ በኩል አድርግ፣ በ1 ቮልት ከ1.2 እስከ 2.6 ሜጋኸርዝ በ10 ኪሎኸርዝ እርምጃ ሂድ። ፕሮቡን ሬዚስተሩ ላይ ነው የምታደርገው እንጂ ኩቡ ላይ አይደለም። 12 ፒኮፋራድ ከ1 ኪሎኦም ጎን ምንም አይደለም፣ ከኩቡ ጎን ግን የላይኛውን ሬዞናንስ ይደብቅብሃል። ቮልቴጁ ከሁሉ የሚበልጥበት ታችኛው ነው፣ ከሁሉ የሚያንስበት ላይኛው። ይህንን በአየር ሳይሆን ሸፍነህ፣ ውሃ ውስጥ አድርገህ ለካ፤ ጫፎቹ ይደፈጠጣሉ፣ ቦታቸውም ትንሽ ይቀየራል። አንድ ጫፍ ብቻ ሳይሆን ሁለት ሦስት ትንንሾች ብታይ አትደንግጥ፣ ኩብ በሦስቱም አቅጣጫ ይርገበገባል። ጫፉ ጭራሽ ከጠፋ ግን ኩቡ በብየዳ ሙቀት ፖላራይዜሽኑን (ፒዞ የሚያደርገውን የውስጥ አሰላለፍ) አጥቷል ብለህ ጠርጥር። 5ኤ እስከ 350 ዲግሪ ገደማ ይቋቋማል ይባላል፣ የሚመከረው ግን ከዚያ ግማሽ እንዳያልፍ ነው። 5ኤች የተባለው ሌላው የፒዜድቲ ዓይነት ከሆነ 190 አካባቢ ላይ ነው የሚያልቅለት፤ የብየዳ ብረት አይቀርበውም። የብር ኤፖክሲውን በ80 ዲግሪ ለ3 ሰዓት ማድረቅ ከሁሉ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ 20 ሚሊሜትር ላይ የማሰራጫው ቅርብ ሜዳ ውስጥ ነህ። እዚያ ውስጥ ግፊቱ በየቦታው ይዘላል፣ ሃይድሮፎኑ ባለበት 60 ኪሎፓስካል ሆኖ ግማሽ ሚሊሜትር ወዲያ 30 ሊሆን ይችላል። ሜዳው የሚያልቀው ዲያሜትሩ በራሱ ተባዝቶ ለአራት የሞገድ ርዝመት ሲካፈል ነው፤ ለ12.7 ሚሊሜትርና ለ1.85 ሜጋኸርዝ 50 ሚሊሜትር ይወጣል። ኩቡን እዚያ አስቀምጠው። ጨረሩ የሚጠብበትም ቦታ ያ ነው፦ ስፋቱ የዲያሜትሩ ሩብ ገደማ፣ 3.2 ሚሊሜትር። ከመሃል 1.6 ሚሊሜትር ወደ ጎን ከሳትክ ግማሹን ኃይል ስላጣህ ማይክሮሜትር ያለው ማንቀሳቀሻ ያስፈልግሃል።

ሦስተኛ፣ ያ ከፍ ዝቅ የሚለው ነገር የቆመ ሞገድ ነው፣ የሚሄደውና ተንጸባርቆ የሚመለሰው ድምፅ ተደራርበው የሚፈጥሩት። በ2.25 ሜጋኸርዝ የሞገድ ርዝመቱ 0.66 ሚሊሜትር ነው፣ ግማሹ 0.33፤ አንተ ያየኸው ሲሶ ሚሊሜትር በትክክል እሱ ነው። የሚያንጸባርቀው ግን ኩቡ አይደለም፣ እሱ ትንሽ ነው። የለጠፍክበት 20 በ20 ቦርድ ነው። ቦርዱን ወደ 2 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ዘንግ ቁረጠውና ኩቡ ጫፉ ላይ ብቻውን ይቁም። ከኋላው ገንዳው ግድግዳ ላይ ወፍራም ጎማ በሰያፍ አቁም። ማሰራጫውን ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ማዘንበልም ይረዳል፣ ግን ከጨረሩ መሃል እንዳትወጣ።

ወይም በቡድን ንዳ። በ50 ሚሊሜትር ላይ ድምፁ በ34 ማይክሮሰከንድ ይደርሳል፣ ተንጸባርቆ ሄዶ እስኪመለስ ሌላ 67 ይፈጅበታል። 100 ዑደት 54 ማይክሮሰከንድ ስለሆነ ማሚቶው ከመምጣቱ በፊት ልኬቱን ትጨርሳለህ። ያኔ ግን 1 ማይክሮፋራዱን አውጣና 1 ናኖፋራድ አድርግ፤ ትልቁ በ54 ማይክሮሰከንድ ምንም አይሞላም።

ሲሊኮኑ ላይም አንድ ነገር ልበል። 3 ሚሊሜትር ብዙ ነው፤ ከውሃ የበለጠ ድምፅ ይመጥጣል፣ ከዚያ በላይ ግን የሚያሳስበኝ ውስጡ ያለው አረፋ ነው። ኩቡ ፊት ላይ የተጣበቀ አንድ አረፋ ኩቡን ያውረዋል፤ ድምፅ አየር ጋ ሲደርስ ሁሉም ይመለሳል። ሲሊኮኑን ቀላቅለህ ቫክዩም ውስጥ አረፋው እስኪያልቅ አቆየው፣ ከዚያ 0.1 ወይም 0.2 ሚሊሜትር ብቻ ቀባ። ውሃውንም አፍላና ከ10 ደቂቃ በላይ ሲፈላ ቆይቶ በተከደነ ሙሉ ዕቃ ይቀዝቅዝ፤ ሲገለበጥም ቧንቧውን ታች አድርገህ፣ ሳይንቦጫረቅ።

ኮረንቲ፦

ለመጀመሪያ ሙከራ ውሃውን ትቶ የጉሎ ዘይት ቢጠቀምስ? ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ስለዚህ ኩቡን መሸፈን ሳያስፈልገው ራቁቱን ነክሮ ሽቦና ዳዮድ እየቀያየረ መሞከር ይችላል። የድምፅ ፍጥነቱ 1500 አካባቢ ነው፣ በ1 ሜጋኸርዝ በሴንቲሜትር ወደ 1 ዴሲቤል ያዳክማል፣ ይህም ለሥጋ ይቀርባል። ውሃ ውስጥ ያልተሸፈነ ኤሌክትሮድ ማስገባት ግን አይሆንም፤ የቧንቧ ውሃ ይመራል፣ በዚያም ላይ የራሱ ካፓሲታንስ አለው።

ሞገድ፦

ለሰርኪቱ ጥሩ ነው፣ ለልኬቱ ግን ቆይቶ ይምጣ። ዘይቱ በሙቀት ይለዋወጣል፣ በፍሪኩዌንሲም ከሥጋ ይልቅ ፈጥኖ ይወጣል። ወፍራም ስለሆነ አረፋው ለመውጣት አንድ ሌሊት ይፈልጋል። ሃይድሮፎኑንም አምራቹ ካልፈቀደ ዘይት ውስጥ አትንከር።

ባዮሜድ_02፦

አመሰግናለሁ። ሬክቲፋየሩን ቦርዱ ላይ አደረግሁ፣ ቦርዱን ቆርጬ ርቀቱን 50 ሚሊሜትር አድርጌዋለሁ። ታችኛው ሬዞናንስ 1.78፣ ላይኛው 2.12 ሜጋኸርዝ ወጣ። አሁን 1.95 ላይ ነኝ። ግፊቱ እዚያ 55 ኪሎፓስካል ነው፣ ኩቡ ላይ የሚያርፈው 575 ማይክሮዋት ገደማ ነው።

ጭነቱን ስቀያይር፦ በ4.7 ኪሎኦም 0.9 ቮልት፣ በ10 ኪሎኦም 1.5 ቮልት፣ በ22 ኪሎኦም 2.0 ቮልት። ስለዚህ 172፣ 225 እና 182 ማይክሮዋት። ከፍ ዝቅ ማለቱ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ከአሥር በመቶ በታች ሆኗል።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ፦ ከ10 ኪሎኦም ውጭ ሌላ ልሞክር? ውሃው ቀርቶ ጡንቻ ሲሆንስ ከዚህ ምን ያህል ይተርፋል?

ኮረንቲ፦

10 ላይ ተወው፤ ኩርባው ጫፉ ላይ ጠፍጣፋ ነው፣ 8 ወይም 13 ብታደርገው ልዩነቱን አታየውም። ቺፕህን ስትመርጥ ብቻ አስታውስ፦ ከብሪጅና ከካፓሲተር በኋላ ያለ 10 ኪሎኦም ለኩቡ የሚታየው እንደ 5 ኪሎኦም ነው። ቺፑ የሚበላው ኃይል በቮልቴጅ ሲለዋወጥ ይህ ቁጥርም አብሮ ይለዋወጣል፤ ሬጉሌተር ያለው ቺፕ ቮልቴጁ ሲወርድ ብዙ ከረንት ይጠይቃል፣ እንዲያውም ኩቡን አንቆ ሊያስቆመው ይችላል። ካፓሲተሩ በደንብ ሳይሞላ ቺፑ እንዳይነሳ የሚያግድ ማስነሻ ሰርኪት አድርግለት።

የሕክምና_ዕቃ፦

ሁለተኛውን እኔ ልመልስ። ለስላሳ ሥጋ በየሴንቲሜትሩና በየሜጋኸርዙ ከ0.5 እስከ 1 ዴሲቤል ያዳክማል። በ1.95 ሜጋኸርዝና በ5 ሴንቲሜትር ከ5 እስከ 10 ዴሲቤል ገደማ ነው። ከ225 ማይክሮዋትህ እንግዲህ ከ25 እስከ 70 ይተርፋል፣ መሃል ላይ አጥንት ወይም አየር ከሌለ። አጥንት ካለ ስሌቱን አትጀምረው። ልብ ውስጥ ያለ ትንሽ ኤሌክትሮድ በአልትራሳውንድ እየመገበ ልብን የሚያስመታው የዋይዝ ሥርዓት ማሰራጫው ከቆዳ በታች በጎድን አጥንቶች መካከል የሚቀመጠው ለዚሁ ነው።

መንዳቱን ከፍ ማድረግ ትችላለህ፣ ወሰን ግን አለው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ለምርመራ አልትራሳውንድ የሚፈቅደው በጊዜ አማካይ በካሬ ሴንቲሜትር 720 ሚሊዋት ነው፣ በአንተ አቆጣጠር በካሬ ሚሊሜትር 7.2። አሁን 1.0 ላይ ስለሆንክ ሰባት እጥፍ ቦታ አለህ። ይህ የሚሰላው በውሃ ከተለካው ላይ በሴንቲሜትርና በሜጋኸርዝ 0.3 ዴሲቤል ተቀንሶ ነው፤ ያውም በጨረሩ ውስጥ ከፍተኛው በሆነበት ነጥብ እንጂ ኩቡ ባለበት አይደለም። የሜካኒካል ኢንዴክሱ (ግፊቱ ሥጋን የመጉዳት ዕድሉ መለኪያ) አያሳስብህ፦ 7.2 ሚሊዋት ላይ ያለማቋረጥ ብትነዳ እንኳን ግፊቱ 150 ኪሎፓስካል ያህል ነው፣ ኢንዴክሱ 0.11 ይሆናል፣ ወሰኑ 1.9 ነው። የሚይዝህ ሙቀት ነው። ማሰራጫው ራሱ ይሞቃል፤ ቆዳ የሚነካው ፊት ከ43 ዲግሪ ማለፍ የለበትም። ለሰዓታት የሚለበስ ከሆነ ጄሉ ይደርቃል፣ አየር ይገባል፣ ከዚያ ኩቡ ኃይል ያጣል፣ ማሰራጫው ደግሞ የበለጠ ይሞቃል። ስለዚህ የሙቀት መለኪያ ፊቱ ላይ ይኑር፣ ሲያልፍም ራሱ ይዝጋ።

ሌላው፣ ሰውነት አይቆምም። 3.2 ሚሊሜትር ጨረር ይዘህ በትንፋሽ አንድ ሴንቲሜትር የሚንቀሳቀስ አካል ላይ ኩብ ብታስቀምጥ ኃይሉ በየትንፋሹ ይቆራረጣል። ክንድና እግር ላይ ያለ ነርቭ ይሻላል። ሆድ ውስጥ ከሆነ ጨረሩን በኤሌክትሮኒክስ የሚያዞር ብዙ ኤለመንት ያለው ማሰራጫ ያስፈልግሃል፣ ከኩቡ የሚመለሰውን ማሚቶ እያየ የሚከተል።

ፒዜድቲ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው። ለአጭር የእንስሳ ሙከራ ፓሪሊን የተባለ ቀጭን የፕላስቲክ ሽፋን ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ይበቃል። ሲሊኮን ብቻውን ግን የውሃ ተን ያሳልፋል፤ ኤሌክትሮዱ ዳር ላይ ውሃ ከተጠራቀመ ካፓሲታንሱ ቀስ በቀስ ሲጨምር ታየዋለህ። ለዘለቄታው ባሪየም ታይታኔት ወይም ሊቲየም ናዮቤት ከአሁኑ ብታስብ ጥሩ ነው።

ተማሪ_ጅማ፦

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ጥያቄ፦ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ ያለውን የአልትራሳውንድ ማሽን እንደ ማሰራጫ መጠቀም ይቻላል? እሱ 1 እና 3 ሜጋኸርዝ አለው።

ሞገድ፦

ገንዳ ላይ፣ በዝቅተኛ ኃይል፣ ይቻላል። ፍሪኩዌንሲውን ግን መቀየር አትችልም፤ ለ1 ሜጋኸርዝ 1.4 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ኩብ ቁረጥ። ፐልስ የሚለው ሁነታ ብዙውን ጊዜ 2 ሚሊሰከንድ ያበራል፣ 8 ያጠፋል። 2 ሚሊሰከንድ ከማሚቶው 67 ማይክሮሰከንድ በጣም ስለሚረዝም የቆመ ሞገዱን አያስቀርልህም። ጭንቅላቱን በአየር ላይ አብርተህ አትተወው፣ ይቃጠላል።

የሕክምና_ዕቃ፦

ሰው ወይም እንስሳ ላይ ግን አይሞከርም። እነዚህ ማሽኖች በካሬ ሴንቲሜትር 2 ዋትና ከዚያ በላይ ይሰጣሉ፣ ጨረሩም ወጥ ስላልሆነ አንዳንድ ነጥብ ላይ ከአማካዩ አምስት ስድስት እጥፍ ይወጣል። ፊዚዮቴራፒስቱ እጁን ሳያቋርጥ የሚያንቀሳቅሰው ለዚህ ነው። ኃይል ለመመገብ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ማቆም አለብህ።